የአባ ጆሮ ብቸኛ ሽንቁር

አያቴ በአርባ አንድ ዓመት የሥራ ዘመኑ የሰው ግድግዳ የበሳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሷንም ያስበሳሁት እኔ ነኝ። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሁለት የፊት ጥርሶቼ ወልቀዋል፣ ፀጉሬ የሚበጠረው በግድ ነው፣ በከተማው ውስጥ ከአያቴ ቀጥሎ ትልቋ ባለሙያ እኔ ስለመሆኔ ደግሞ ቅንጣት ታህል አልጠራጠርም ነበር።

ከተማችን ሁለት ናት ማለት ይቻላል። የላይኛዋ እንደ ማንኛውም ከተማ ናት፤ አቧራማ መንገድ፣ ፖስታ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ተዘግቶ የማያውቅ አንድ የቧንቧ ውሃ አላት። የታችኛዋን ግን አይቶ የጨረሳት ሰው የለም። ድንጋያችን ለስላሳ ነው። በመሮና በመዶሻ እንደ ደረቅ ሳሙና ይፈለፈላል፤ ከተፈለፈለ በኋላ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። ስለዚህ ከስንት መቶ ዓመት ጀምሮ የእኛ ሰው ቤቱ ሲጠበው ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ አይሠራም፣ ወደ ታች ይቆፍራል። ሙሽራ ስትመጣ አንድ ክፍል ይቆፈራል፣ ልጅ ሲወለድ አንድ ክፍል ይቆፈራል፣ አማት ልትከርም ስትመጣ ደግሞ ትንሽ ራቅ ተደርጎ አንድ ክፍል ይቆፈራል። ከላይ ሲታይ የዶሮ ቤት የሚያህል፣ ከታች ግን አሥራ አራት ክፍል ያለው ቤት አውቃለሁ።

ችግሩ ጎረቤትም መቆፈሩ ነው። የአንዱ መኝታ ቤት ከሌላው ጓዳ ሥር ነው፤ ያ ጓዳ ደግሞ ከሦስተኛው ሰው የውሃ ጉድጓድ ጋር ይዋሰናል። ካርታ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ሳያስበው የጎረቤቱን ግድግዳ በስቶ እራት ከቀረበለት ቤተሰብ ጋር መፋጠጡ ብርቅ አልነበረም። ከዚያም የባሰ፣ ወለል ተደርምሶ አልጋ ከነተኛው ሰው የወረደበት ጊዜ አለ። አድማጭ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አድማጩ አያቴ ነበር። ሰው ሁሉ አባ ጆሮ ይለዋል። አዲስ ክፍል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ እሱን ይጠራል። አያቴ በእንጨት መዶሻ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ከሁለት ቃላት አንዷን ይናገራል። «ሙሉ» ካለ ድንጋዩ ደፍን ነው፣ ይቆፈራል። «ባዶ» ካለ ከኋላው የሰው ቤት አለ፣ ይተዋል። እዚያ ላይ ሙግት የለም። «ሙሉ» ያለ አድማጭ የመጀመሪያዋን ክንድ የሚቆፍረው ደግሞ ራሱ ነው፤ ከተሳሳተ ሽንቁሯ በገዛ እጁ እንድትሆን።

አያቴን፣ አባባን፣ «እሱ» እያልኩ የማወራው ባለጌ ሆኜ አይደለም። ደንቡ የራሱ ነው። ላይ ቤት አንቱ እለው ነበር። ደረጃውን ወርደን የመጨረሻውን እርከን ስንረግጥ ግን «ከመሬት በታች አንቱ የለም» ይለኛል። «ጣሪያ ሊወርድ ሲል ‹ይሽሹ› ለማለት ጊዜ የለም። ‹ሽሽ› ነው የሚባለው።» ይህ ታሪክ የሚበዛው ከታች ስለሆነ በታቹ ደንብ ልተርከው።

ስድስት ዓመት ሲሞላኝ አባባ ምክትሉ አድርጎ ሾመኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ምክትል ነሽ» አለኝ፣ ፋኖስ አስያዘኝ፣ ወረድን። መጀመሪያ እሱ አንኳኩቶ ጆሮውን ይለጥፋል። ቀጥሎ «አሁን ደግሞ አንቺ» ይለኛል። ጆሮዬን ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ስለጥፍ እንደገና ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። ደፍን ድንጋይ ድምፁን ይውጠውና ዝም ይላል። ከኋላው ባዶ ያለበት ግን ድምፁን ትንሽ ያመላልሰዋል፣ የሆነ ሰው ከሩቅ ክፍል «እ?» ያለ ይመስላል። ይሄኔ አባባ ፋኖሱን ከእጄ ይወስድና ፊቴ ድረስ ያስጠጋዋል።

«ምን ይላል?»

«ሙሉ» እላለሁ፣ ወይም «ባዶ»።

ትክክል ነሽ ወይም ተሳስተሻል ብሎኝ አያውቅም። ትንሽ ዝም ብሎ ይቆይና ለባለቤቱ በዚያ ትልቅ ድምፁ ያስታውቃል። የሚያስታውቀው ሁልጊዜ እኔ ያልኩትን ነው። እየፈተነኝ እንደሆነ፣ እኔም አንድም ፈተና ወድቄ እንደማላውቅ አመንኩ። ፋኖሱን ፊቴ ላይ የሚያበራውም ስዋሽ ዓይኔ ይርገበገብ እንደሆነ ለማየት ነው ብዬ ደመደምኩ።

አባባ ከንፈሬን እያነበበ ነበር። እኔን ከመሾሙ ከአንድ ዓመት በፊት አንደኛው ጆሮው ጨርሶ ጠፍቷል፣ ሌላኛውም ብዙ ሳይቆይ ተከትሎታል። የከተማው ብቸኛ አድማጭ የማይሰማ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት የተቆፈረው ክፍል ሁሉ በእኔ ሁለት ጆሮዎች ላይ ቆሟል ማለት ነው። ዛሬ ሳስበው እደነግጣለሁ። ያኔ ግን የሚያሳስበኝ ጥርሴ መቼ እንደሚበቅል ብቻ ነበር።

ምልክቱማ ሞልቶ ነበር። እማማ፣ ማለት ሴት አያቴ፣ ከወጥ ቤት ሦስቴ ጠርታው ካልመለሰላት ለእንግዳው «ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኝ ነው እንጂ ሰምቶኛል» ትላለች። እንግዳው ይስቃል። መንገድ ላይ ሰው ከኋላው ሰላም ሲለው ዝም ብሎ ያልፋል፤ ሰውም «አባ ጆሮ ሐሳብ ላይ ነው» ይላል። አባባ በተለይ ልብስ ሰፊውን አይወደውም ነበር። ሰፊው ሲያወራ ከንፈሮቹ መሐል አራትና አምስት ስፒል ይይዛል፤ አፉን ሳይከፍት ነው የሚያወራው። «ስፒል ነክሶ የሚያወራ ሰው አላምንም» ይለኝ ነበር አባባ። እኔም ለአደጋው አዝኖለት ይመስለኝ ነበር። ለካ የሰፊውን ከንፈር ማንበብ አቅቶት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ አዝራር እደረድራለሁ። እናቴ ትከትፋለች፣ እማማ ድስት ታማስላለች።

«እማዬ፣ አሁንስ ይብቃው» አለች እናቴ። «አንድ ቀን የሰው ቤት ላይ ጉድ ያፈላል።»

«አስቁመሽ፣ ላይ ቤት አስቀምጠሽ ምን ልታደርጊው ነው? መስኮት ላይ እንደ አበባ ውሃ ልታጠጪው?»

«ልጅቷስ? በእሷ ላይ ተንጠልጥሎ እስከ መቼ?»

«ቀስ በይ።» ድስቱ ተከደነ። «ያ ሰው ሥራውን ካጣ ዓመት አይቆይም፣ አውቀዋለሁ። ግን እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አልቀመጥም። አንዲት ሽንቁር፣ አንዲት ብቻ ትውጣው፤ መዶሻውን እኔው ራሴ እደብቀዋለሁ። ለአገር ሁሉ እናገራለሁ።»

ከዚህ ሁሉ የገባኝ፣ እናቴ ሴት ልጅ አድማጭ እንድትሆን እንደማትፈልግ ነው። ሦስት ቀን አኮረፍኳት። እሷም ለምን እንዳኮረፍኩ ሳታውቅ አዲስ ካልሲ ገዛችልኝ። የሽንቁሯን ነገር ግን በትክክል ተረድቼዋለሁ። አባባ አንድ ሽንቁር ካወጣ አበቃለት።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ የጥንቶቹን ሰዎች ነገር ነው። ከታች ስንወጣ አባባ ስለእነሱ ይነግረኝ ነበር። ወራሪ በመጣ ቁጥር ሕዝቡ ከነከብቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደውን ክብ በር ከውስጥ አንከባሎ ይዘጋል፣ ወራት ይቀመጣል። ጉድጓድ ውሃ አላቸው፣ ጎተራ አላቸው፣ አየር በቀጭን ቀዳዳ ይወርድላቸዋል። እዚያው ተወልዶ፣ ፀሐይን መጀመሪያ ያየው በእግሩ ሲሄድ የሆነ ልጅ አለ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወራሪው ሄደ፣ ሰዎቹ ወጡ።»

«ሁሉም?»

«ኧረ የለም፣ አንዳንዱ ተመችቶት ቀርቷል። ላይ ምን አለ? ፀሐይና አቧራ። እነሱ እታች እየጨፈሩ ይኖራሉ።»

አባባ ይህን የሚለኝ ወደ ታች ከተማ የሚያወርደውን ዘጠና ሁለት ደረጃ ሳላለቃቅስ እንድወጣለት ነበር። እኔ ግን ቃሉን እንደ መሐላ ያዝኩት። አድማጭ የመሆኔም ትልቁ ዓላማ ይኸው ሆነ፤ አንድ ቀን የእነሱን ጭፈራ እሰማለሁ።

በዚያው ሰሞን የሰፊው ሚስት መንታ ወለደች። የስፌት መኪናው የነበረበትን ክፍል ሕፃናቱ ወሰዱት፤ ሰውዬው ከነመኪናው መተላለፊያ ላይ ተቀመጠ። መንገደኛ ሁሉ እየረገጠው ሲሰፋ ሰንብቶ ወደ አባባ መጣ። የሚፈልገው ከታች ቤቱ በስተጀርባ አንድ ክፍል ነው። ከማንኳኳቱ በፊት ጎረቤት መጠየቅ ደንብ ነውና፣ እኔና አባባ በስተጀርባ ወዳለችው ጎረቤት ሄድን።

ጎረቤቷ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ናት። ከሃያ ዓመት በላይ አስተምራለች፤ ሰፊውንም ያስተማረችው እሷ ናት። ስትስቅ ያየ ተማሪ የለም። ደወል ሳይደወል የምታልፍ ከሆነ ደወሉ የተደወለ ያህል ሁሉም ቦታውን ይይዛል። የታች ቤቷ እስከየት እንደሚደርስ የሚያውቅ አልነበረም፤ ማንንም አታስወርድም። በሩን እኩሌታ ከፍታ አባባ የሚላትን ሰማች፣ መነጽሯን አስተካከለች።

«በዚያ በኩል ምንም የለኝም» አለች። «ድንጋይ ነው።» በሩ ተዘጋ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወረድን። ሰፊው ፋኖስ ይዞ መራን። ክፍሉ የቆየ አቧራና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ነበረው። አባባ አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ ተነሳ። «አሁን ደግሞ አንቺ።»

ጆሮዬን ለጠፍኩ።

መጀመሪያ የራሴ ትንፋሽ መሰለኝ። ከዚያ ግን ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ የሚል ነገር ከድንጋዩ ውስጥ መጣ። በላዩም እንደ ክር የቀጠነ ዜማ አለ፤ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እነሱ ናቸው። እየጨፈሩ ነው። አባባ አልሰማ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፤ የአገሩ ትልቅ ጆሮ እያለው እንዴት ይሆናል? ሰምቶ፣ ሰፊው እንዳይነቃበት ዝም ያለ መሰለኝ።

ፋኖሱ ፊቴ ላይ መጣ። «ምን ይላል?»

«ባዶ» ካልኩ እንሄዳለን፣ ሰዎቹም እዚያው እንደተዘጉ ይቀራሉ። «ሙሉ» ካልኩ ይቆፈራል። የእማማ ማስፈራሪያ ትዝ ብሎኛል። ግን የጎረቤትን ግድግዳ መብሳት ነው ሽንቁር የሚባለው፤ የጥንቶቹን ሰዎች ማግኘት ሽንቁር አይደለም፣ ታሪክ ነው። ዲሬክተሯም ድንጋይ ነው ብላ የለ?

«ሙሉ» አልኩ።

አባባ እንደወትሮው አላስታወቀም። መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ቆየ። ፋኖሱን ይበልጥ አስጠጋልኝ፣ ሙቀቱ አገጬን ነካኝ።

«ደህና አድርገሽ ስሚና ንገሪኝ። ምን ይላል?»

«ሙሉ ነው አባባ።»

መዳፉን አየት አደረገ፣ ሱሪው ላይ ጠረገው። ከዚያ ዞሮ «ሙሉ» ሲል ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ሰፊው በስፒሎቹ መሐል ምስጋና የሚመስል ነገር አጉተመተመ። ላይ ቤት ከመንቶቹ አንደኛው አለቀሰ፣ ወዲያው ሌላኛው አገዘው፤ አባታቸው ደረጃውን እየዘለለ ወጣ።

አባባ ኮቱን አውልቆ ዶማውን አነሳ። እኔ ፋኖሱን ይዣለሁ። ድንጋዩ እየተፈረፈረ ይወርዳል፣ በእያንዳንዱ ምት ዜማው እየጎላ ይመጣል። እሱ ግን አንድም ጊዜ ቆም ብሎ አላዳመጠም። ክንዷ ልትሞላ አንድ ስንዝር ሲቀራት ዶማው ያለወትሮው ጥልቅ አለ፤ እጀታው ብቻ ውጪ ቀረ። አባባ ስቦ ሲያወጣው በሽንቁሩ ብርሃን ገባ፣ ሙዚቃውም አብሮ ፈሰሰ። በችኮላ ስነሳ ፋኖሱን ጣልኩት፣ ጠፋ።

በሽንቁሩ አጮለቅሁ። ግድግዳው ሰማያዊ የተቀባ፣ አምፖል የሚበራበት ንጹሕ ክፍል ነው። በርጩማ ላይ ራዲዮ ተቀምጧል። መሐሉ ላይ አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ፣ ፀጉሯን ለቃ፣ እጆቿን ሰቅላ ትጨፍራለች። ዓይኗን ጨፍናለች። ወገቧን ይዛ ትሽከረከራለች፣ ዝቅ ትላለች፣ እየሳቀች ትነሳለች። ማንም እንደማያያት እርግጠኛ የሆነ ሰው እንዲህ ነው የሚጨፍረው።

ስትዞር ፊቷን አየሁት። የዲሬክተሯ ፊት ነው። ሌላ ልጅ ቢሆን ዲሬክተሯ ናት ይል ነበር። እኔ ግን ዲሬክተሯ እንደማትስቅ፣ ጫማ እንደማታወልቅ፣ ወገብ የሚባል ነገርም እንደሌላት አውቃለሁ። ስለዚህ የገረመኝ የጥንቶቹ ሰዎች ንግሥት ዲሬክተራችንን ቁርጥ መሆኗ ብቻ ነው።

ንግሥቲቱ የፈረሰውን ግድግዳ አየች። ክው ብላ ቆመች። ራዲዮውን ዘጋችና ቀስ ብላ ወደ ሽንቁሩ መጣች።

«አባ ጆሮ፣ እርስዎ ነዎት?»

አባባ አልመለሰም። ተንበርክኮ የሽንቁሩን ጠርዝ በጣቶቹ ይዳስሳል፣ ይለካዋል፣ እንደገና ይዳስሰዋል። እንዲያ ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ደስታው አቅም ያሳጣው መሰለኝ።

«ስለ እግዚአብሔር፣ ያዩትን ለሰው አይንገሩብኝ» አለች። «አባ ጆሮ፣ እየሰሙኝ ነው?»

ምክትል ነኝና ሥራዬን ሠራሁ። አገጩን ይዤ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። «አባባ፣ እያናገረችህ ነው።» ያኔ ቀና ብሎ አያት፣ ከዓይኗ ይልቅ አፏን። እሷም እሱን አየች፣ ቀጥሎ እኔን፣ ተመልሳ እሱን። ሃያ ዓመት ያስተማረች ሴት፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የመምህሩን ከንፈር የሚከተል ልጅ ምን እንደሆነ ታውቃለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው ቃሉን እየለያየች።

«ሁለት ዓመቴ» አለ አባባ። ትልቁ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። ከዚያ በጠፋው ራዲዮና በባዶ እግሯ ላይ ዓይኑን አሳለፈ። «አንቺስ? ከመቼ ጀምሮ?»

ዲሬክተሯን አንቺ ያላት ሰው አይቼ አላውቅም። እሷ ግን አልተቆጣችም።

«ከልጅነቴ ጀምሮ» አለች። «ሰው ፊት ግን አንድም ቀን።»

በእኔ ቤት የላይኛውና የታችኛው ሕዝብ መሪዎች ሰላም እየተዋዋሉ ነው። ሁለት ዓመት የሚባለው የውሉ ዘመን ነው። እንዳልረብሻቸው ትንፋሼን ዋጥኩ።

የሰፊው እግር ደረጃው ላይ ተሰማኝ። ለአባባ በጣቴ ወደ ላይ አሳየሁት። ያን ጊዜ ያየሁትን ፊቱን እስካሁን አልረሳሁትም። አርባ አንድ ዓመቱ ሁሉ ደረጃውን እየወረደ የሚመጣ ይመስል ነበር። ሰፊው ገባ፣ ሽንቁሩን አየ፣ ስፒሎቹ አንድ በአንድ ከአፉ ወደቁ።

«አባ ጆሮ፣ ይሄ… ሽንቁር ነው እንዴ?»

«ምን ታፈጣለህ?» አለ ከግድግዳው ወዲያ የሚያውቀው ድምፅ። ሰፊው ሳያስበው እጆቹን ወደ ጎኑ አድርጎ ቀጥ አለ። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የአየር ማስገቢያ ነው። እዚያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ታፍነህ ልትሞት ነው? መንቶቹን ማን ሊያሳድግልህ?»

«እኔ እኮ አልሰማሁም…»

«አንተ የምትሰማው መቼ ነው? አራተኛ ክፍልም እንዲሁ ነበርክ። አባ ጆሮ ያልኳቸው ቦታ ላይ ነው ያገኙት። የጣት ስፋት እንኳ አልሳቱም።»

ሰፊው ፊት ለፊቱ ያለውን ሽንቁር እንደ አዲስ አየው። አጎነበሰ፣ ጣቱን አስገብቶ ለካ። «ኧረ ይሄ ተአምር ነው» አለ። ስፒል ስላልነከሰ አባባም አነበበው።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ደረሰ። አባ ጆሮ የዲሬክተሯን ግድግዳ ከሙሉ ድንጋይ ወዲያ ሆኖ በጣት ስፋት ሳይስት አገኘው ተባለ። እማማ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። የአባባን ሽፋሽፍትና የዶማውን ጫፍ አየች፤ ሁለቱም ሰማያዊ ቀለም ነበረባቸው። አባባ መዶሻውን ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው። እሷ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችውና ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ለአገር ሁሉ እናገራለሁ ያለችውንም ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

«በዚህ ላይ ማቆም ያምራል» አለ አባባ ለጠየቀው ሁሉ። ሰው በኩራት እንዳቆመ አመነ። እኔም አመንኩ፤ የጥንቶቹን ሰዎች ያገኘ አድማጭ ከዚያ በላይ ምን ይፈልጋል?

መስኮት ላይም እንደ አበባ አልተቀመጠም። ሰፊው ክፍሉ አየር ስላገኘ የስፌት መኪናውን እዚያው አወረደ፤ አባባም ከሰዓት በኋላ እሱ ጋ ይወርድና ከሽንቁሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ ያሳርፋል። ሽንቁሩ መጋረጃ ተሰፍቶለታል። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ራዲዮው ይከፈታል፣ ድምፁም ለአባባ ሲባል እስከ መጨረሻው ይጨመራል። የአባባ እግር መሬቱን ይመታል፣ ሰፊው መኪናውን በዚያው ምት ይረግጣል። በዚያ ዓመት የተሰፉ ሱሪዎች ስፌታቸው ትንሽ ይወዛወዛል ይባላል። እኔ አባባ የድንበር ዘብ ሆኖ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ያ ሽንቁር ለጎብኚዎች ይታያል። አስጎብኚው ጥንት ወራሪ ሲመጣ ምልክት የሚተላለፍበት መስኮት ነው ብሎ ያስረዳል። የታችኛዋን ከተማ የመጀመሪያ ካርታ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እዚያ ላይ «የአየር ማስገቢያ» ተብሎ ተጽፏል። አስጎብኚውን አላረምኩትም፣ ካርታዬንም እንዲሁ።

አባባ እንደማይሰማ እናቴ የነገረችኝ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሙዚቃውን አልሰማም ነበር ማለት ነው። ከእኔ ቃል በቀር ምንም አልነበረውም፣ እኔም ዋሸሁት። ዲሬክተሯ ባትኖር ኖሮ ስሙን ከነአርባ አንድ ዓመቱ በአንዲት ቃል ልቀብረው ነበር። ይህን ለእሱ ለመንገር ሌላ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

መሐንዲስ ሆኜ፣ ድንጋይ የሚያዳምጥ መሣሪያ በሣጥን ይዤ በተመለስኩ ሳምንት አባባ ወደ ሰፊው ክፍል ይዞኝ ወረደ። ዲሬክተሯ እህቷን ልትጠይቅ ስለሄደች ራዲዮው ዝም ብሏል። በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ እኔ እግሩ ሥር ተቀመጥኩ፣ ፋኖሱን ራሴ ፊቴ ድረስ አስጠጋሁት።

«አባባ፣ ያን ቀን ሙዚቃ ሰምቻለሁ። ሙሉ ያልኩህ ዋሽቼ ነው። የጥንቶቹ ሰዎች መስለውኝ ነው።»

ከንፈሬን ማየቱን አላቋረጠም። ደግሞ የምለው ነገር ያለ መስሎት ይሆናል።

«አውቃለሁ» አለ። «ግድግዳው መዳፌ ሥር እንደ ድመት ሆድ ይርገበገብ ነበር። እጄ ባዶ ነው እያለኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ቆፈርክ?»

«ሁለት ጊዜ ጠየቅሁሽ። ሁለት ጊዜም ሙሉ አልሽኝ።» ትከሻውን ሰበቀ። «ጆሮዬ ሄዷል፣ እጄም ሊሄድ ነው ብዬ አሰብኩ። አንቺ ትሳሳቻለሽ ብሎ ማሰቡ አልመጣልኝም።»

አለቀስኩ። ምን ያስለቅሰኛል ብዬ ልደብቀውም አልሞከርኩም፤ ፋኖሱ ፊቴ ላይ ነበር። እሱ በአውራ ጣቱ ጉንጬን ጠራረገና፣ የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ጎንበስ አለ።

«ለመሆኑ» አለኝ «ያን ቀን ምን ይል ነበር?»

በአፍ የሚነገር አልሆነልኝም። እጁን ወስጄ መዳፉን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት፣ በሦስት ጣቶቼ መታሁለት። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፤ ዜማው የሚጠፋበት ቦታ ላይ ጣቴን አነሳሁ፣ የሚመለስበት ላይ መለስኩት። አባባ እንደ ድሮው ዓይኑን ጨፈነ። ስጨርስ ለባለቤቱ ከማስታወቁ በፊት ያደርግ እንደነበረው ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ በዚያ ትልቅ ድምፁ፣ ዘጠና ሁለቱን ደረጃ ሁሉ በሚያዳርስ ድምፅ፣

«ባዶ!» አለ።

ሰፊው ከላይ ሆኖ ምን እንደተገኘ ጮኾ ጠየቀን። ስፒል ነክሶ ስለነበር እኔም በደንብ አልሰማሁትም፣ ሁለታችንም እየሳቅን ነበር።